ቁምሳጥን ውስጥ ያስነጠሰው ኮቶ

ማንም ያልነካው ኮቶ፣ ያ ሰው የሚያክለው የጣውላ በገናችን፣ ብቻውን ሲዘፍን ሰው መጀመሪያ ማንን ነው የሚጠራው፣ መነኩሴ ነው ወይስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት ሩዝ እያጠብኩ ሳለሁ ራሴን ጠየቅሁ፤ እስካሁንም መልስ አላገኘሁለትም። ባለቤቴ ታዳኖቡ መጸዳጃ ቤት ነበር፤ ሲያስል ይሰማኛል። የልጅ ልጄ ቺጉሳ ጎህ ሳይቀድ ድምፅ ማጉያዎቿን በጋሪ ጭና ወጥታለች። ሌላ ነፍስ ያለው ነገር፣ ድመት እንኳ፣ ቤታችን ውስጥ የለም። ከውስጠኛው ክፍል ግን ቲንንን ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ቲንንን ይላል። እጄ በሩዝ ውሃ እንደራሰ ተንሸራታቹን በር ከፈትኩ። ኮቶው በታታሚው የሣር ምንጣፍ ላይ ቁመቱን ተጋድሟል። አሥራ ሦስቱም አውታሮች ቀጥ ብለዋል፣ አንዳቸውም አይርገበገቡም። ድምፁ ግን ክፍሉን ሞልቶታል። ዓይኔ የሄደው ግድግዳው ላይ ወዳለው የሟች አማቴ ፎቶግራፍ ነው፤ ኮቶው የእሳቸው ነበርና። «ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው። «ትናንት ፎቶዎ ፊት ያቀረብኩልዎት ሩዝ ጠጥሮ ነበር እንዴ?»

ኋላ ነው ጥጉ ላይ የተቀመጠችውን ሳጥን ያየሁት። የምሳ ዕቃ የምታክል፣ ቀይና አረንጓዴ መብራት የምታጣቅስ፣ ሽቦዋ ከኋላዋ እንደ አንጀት የተዘረገፈ ሳጥን ናት። ቺጉሳ ከኮቶው ሆድ ሥር፣ ድምፁ በሚወጣበት ቀዳዳ አፍ ላይ፣ አዝራር የምታክል ጆሮ ለጥፋለች። ጆሮዋ የሰማችውን በሽቦ ለሳጥኗ ትነግራታለች፤ ሳጥኗም ትውጠውና ቆየት ብላ፣ አርዝማና አለስልሳ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ አድርጋ ትመልሰዋለች። በተራም አይደለም የምትመልሰው። አንዱን ወዲያው፣ ሌላውን ከተረሳ በኋላ፣ ደስ ባላት ሰዓት። እኔ ያደግሁት ከፉኩያማ በላይ ካለው ተራራ ሥር፣ ከብት ባለበት ቤት ነው፤ ስለዚህ ቺጉሳ ስታስረዳኝ ቶሎ ገባኝ። «ታመሰኳለች ማለት ነዋ!» አልኳት። ልጅቷ በሳቅ ታታሚው ላይ ተንከባለለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሳጥኗ ስም «ላሚቱ» ሆኖ ቀረ። «ላሚቱን ግን እንዳትነቅያት እማማ» ብላ አስጠንቅቃኛለች። «ከነቀልሻት ለዛሬ ያዘጋጀሁት ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። እሳት እንኳ ቢነሳ መጀመሪያ ለእኔ ደውይ።» እሳት እንኳ ቢነሳ! ይሄ ለአያት የሚነገር ነገር ነው? ጠዋት ስትወጣ ላሚቱን ሳታስተኛት ሄዳ ነው እንጂ አማቴስ ምንም አላሉም። ቢሆንም ሩዙን አለስልሼ ቀቀልኩላቸው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቺጉሳ የሰፈራችን የድሮው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ኮቶ ትጫወታለች። ባለቤቱ ሲያረጅ ማሞቂያውም አብሮት አርጅቶ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን ወጣቶች ወልውለው ሰው ባዶው ገንዳ ውስጥ ተጋድሞ ሙዚቃ የሚሰማበት ቦታ አደረጉት። መግቢያው፣ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ጨምሮ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ የን ነው። ድሮ በዚህ ዋጋ ቤተሰቡ በሙሉ ስንት ጊዜ ይታጠብ ነበር፤ ያውም ውሃ ነበረው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የገንዳው የሴራሚክ ሰድር ነው። ሰድር ላይ የተጋደመ ሰው ወገቡን ይይዘዋል፣ ሆዱን ይበርደዋል፤ ነገ «የቺጉሳ ሙዚቃ አሳመመኝ» ቢሉስ? ስለዚህ ከአንድ በቀር የቤታችንን ትራስ ሁሉ ሰጠኋት፣ የጎረቤታችንንም ለምኜ ጨመርኩ። ሙዚቃውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ኮቶ ነው፣ ግን ኮቶው ጠዋት ባሕሩ ላይ ጉም ሲወርድ፣ የደሴቶቹ መርከብ ሳይታይ ጡሩምባው ብቻ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። የት እንደጀመረ አይታወቅም። አንዴ «ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው?» ብዬ ብጠይቃት «እስክትረሺው» አለችኝ።

ቁርስ ላይ ስልኩ ጮኸ። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ሚሳኦ ናቸው። የኮቶ መምህርት ናቸው፤ የዚህ ከተማ ግማሽ ሴት ልጅ በእሳቸው ቁጣ ሥር አልፋለች። «ጥሩ ነው» ሲሉ የሰማ የለም፤ ትልቁ ምስጋናቸው «ቀጥዪ» ነው። ቺጉሳን ገና በሕፃንነቷ ተቀብለው ካስተማሯት ጀምሮ ያሏት አንድ ነገር ነው፦ አትቸኩዪ። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ከእናታቸው፣ ማለት ከአማቴ ጋር ነበር የሚጫወቱት። እናት ዋናውን እጅ፣ ማለት መሪውን ዜማ፣ ልጅ ሁለተኛውን እጅ፣ አጃቢውን፤ ሁለቱ ኮቶዎች እንደ ሁለት አሮጊቶች አንዱ ሌላውን ሳያቋርጥ ያወጋሉ። አማቴ ከሞቱ በኋላ እትዬ ከማንም ጋር ተጫውተው አያውቁም። ያስተምራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ብቻቸውን ቤታቸው ይገባሉ። የእናታቸውን ኮቶ ለቺጉሳ ሰጥተዋት ነበር፣ ተመርቃ የትምህርት ቤታቸውን ስም እንድትይዝ በፈቀዱላት ቀን። አሁን ግን ስልኩን እንዳነሳሁ፣ «ሰማሁ» አሉ። «ከጸጉር ቤት ሰማሁ። የእናቴን ኮቶ በመሰርሰሪያ በስታ ኤሌክትሪክ ከታበታለች። ዛሬ መጥቼ እወስደዋለሁ።» «እትዬ፣ እንዲያው—» ብዬ አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘግቷል።

የተበሳ ነገር የለም! ጆሮዋን የለጠፈችው ለሕፃን ቆዳ በሚሠራ ፕላስተር ነው፤ ፋርማሲ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ግን ለተዘጋ ስልክ ምን ይነገራል? ያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት ራዲሽ አብረን ስንልጥ ቺጉሳ፣ «መምህርት ኮቶውን ከወሰዱብኝ ሌላ ኮቶ አልነካም። ኦሳካ ሄጄ ስልክ እሸጣለሁ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አብሯት አልሳቀም። እናቷ፣ ልጃችን፣ ሂሮሺማ ነርስ ናት፤ ቺጉሳ ያደገችው እኛ ጋ ነው። ኮቶው ከዚህ ቤት ከወጣ ልጅቷም ትወጣለች። ከዚያ እኔና ታዳኖቡ እንቀራለን፤ እሱ ቤዝቦሉን፣ እኔ እሱን እያየሁ።

«እትዬ እየመጡ ነው» አልኩት። «የለም በያት» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። ጠዋት ጠዋት ከአሜሪካ በቀጥታ የሚተላለፈውን ጨዋታ ያያል። «ቴሌቪዥኑ እየጮኸ?» አልኩ። «ድምፁን እቀንሰዋለሁ።» ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እህቱን ገና ይደበቃል። ለቺጉሳ ስደውልላት ስልኳ እዚያው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ፎጣ ሥር ጮኸ። «በል አንተ ሂድና ከመታጠቢያ ቤቱ ጥራት» አልኩት። «መንገድ ላይ ብትይዘኝስ?» አለ። ይሄን ሰው ነው እንግዲህ የምታገቢው የሕይወት ጋሻ ነው ብለሽ።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ። መንቀል አልችልም፣ ልጅቷ እሳት ቢነሳ እንኳ ብላለች። መደበቅ ግን አልከለከለችኝም። ላሚቱንና ቺጉሳ የተወችላትን ትንሿን ድምፅ ማጉያ ታቅፌ ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ተጣጥፈው በተቀመጡት ሁለት ፍራሾች መሃል አስገባኋቸው። ወዲያው ሙቀቱ ትዝ አለኝ፤ ፍራሹ ጥጥ ነው፣ ጥጥ ደግሞ ይያያዛል። አውጥቼ እርጥብ ፎጣ አነጠፍኩ። ኤሌክትሪክና ውሃ ትዝ አለኝ። ፎጣውን አንስቼ የሸክላ ትሪ አደረግሁና በሩን ገጠምኩት፤ ሽቦውን በታታሚው ጠርዝ አሳልፌ ትራስ ጣልኩበት። የቀረን አንድ ትራስ ነበር። ከዚያ ኮቶውን አየሁት። አውታሮቹን የሚሸከሙት ትንንሽ ብርኩማዎች በሰልፍ እንደሚበሩ ዝይዎች ሰያፍ መቆም ሲገባቸው፣ ሰክረው ከድግስ የተመለሱ ይመስል አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ተበትነዋል። ስነካው ደግሞ ቅኝቱ የማላውቀው፣ የማንም ያልሆነ ቅኝት ነው። እትዬ ይህን ቢያዩ ታክሲ እንኳ አይጠብቁም፤ በጀርባቸው ተሸክመውት ይሄዳሉ። እኔ ኮቶ ተጫዋች አይደለሁም፤ ግን እዚህ ቤት ምራት ሆኜ ስገባ የአማቴን ተማሪዎች ኮቶ በየጠዋቱ የምቃኘው እኔ ነበርኩ። ተንበርክኬ ብርኩማዎቹን አንድ በአንድ ገፋኋቸው፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ ጆሮዬ እሺ እስኪለኝ። ሲያልቅ ዝይዎቹ ሰልፋቸውን ይዘዋል። ከቁምሳጥኑ ውስጥ ላሚቱ የቃኘሁትን ሁሉ ቀስ ብላ መልሳ ቃኘች። ደስ አለኝ፤ ያኔ ምን እንዳደረግሁ መች ገባኝ።

እትዬ ሚሳኦ ግራጫ ጃንጥላቸውን ዘግተው ገቡ። ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት መግባት አያውቁም፤ ሊነጥቁ ሲመጡ እንኳ የባቄላ ጣፋጭ ይዘው ነው። ያውም ከጣቢያው አጠገብ ካለው ውድ ቤት የተገዛውን፣ እያንዳንዱ ለብቻው የተጠቀለለውን። «ታዳኖቡስ?» አሉ። «የለም» አልኩ። ከወዲያኛው ክፍል «ሂድ! ሂድ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ኳሱ ርቆ ሄዶ መሆን አለበት። ባለቤቴ በተንሸራታቹ በር ብቅ አለና እንደ ተማሪ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ እንደምን አሉ?» «አለህ እንዴ?» «አሁን መጣሁ።» «በየት በኩል?» ታዳኖቡ የሚቀመጡበት ትራስ ሊያመጣላቸው ሄደ፤ ትራስ እንደሌለ ሲያውቅ ደግሞ የሽቦውን ትራስ ሊያነሳ እጁን ሰደደ። በዓይኔ አስቀረሁት።

እትዬ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ከእናታቸው ፎቶግራፍ ፊት ተንበረከኩ፤ ከፊቱ ያለችውን ትንሿን የጸሎት ደወል መትተው እጃቸውን አጋጠሙ። ባለቤቴ በዚያች ጊዜ ኮቶውን ተሻግሮ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና «እቺ ባልቴት መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ አንሾካሾከ። በክርኔ ወጋሁት። እትዬ ገና ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ ቁምሳጥኑ ውስጥ ደወል ተደወለ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ከተራራ ማዶ እንዳለ ቤተ መቅደስ። እትዬ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «የጎረቤት ነው» አለ ታዳኖቡ። «ጎረቤትህ የሚጸልየው ቁምሳጥንህ ውስጥ ነው?» አሉት። እኔ ሻይ ቀዳሁ። ታክሲ ለመጥራት ጊዜ እንዳያገኙ ሻዩን ሳይጠጡት ሞላሁት፣ ሲጠጡት ሞላሁት፣ ጣፋጩን ገለጥኩ፣ ስለ ዋጋው ጠየቅኋቸው፣ በየዓመቱ መጠኑ እያነሰ ዋጋው እንደሚጨምር ተስማማን። ከዚያ የሚወራ ነገር አለቀ።

«የታለ ቀዳዳው?» አሉ በመጨረሻ።

«የምን ቀዳዳ?»

እትዬ ወደ ኮቶው ቀረብ ብለው ሆዱን ሐኪም የሕፃን ሆድ እንደሚዳብስ ከራሱ እስከ ጅራቱ ዳበሱት። እጃቸው ከሥሩ ገብቶ ቆመ። «ይሄስ?» «ፕላስተር ነው» አልኩ። «ኮቶው ቆስሎ ነው?» «ትንሽ ተጭሮ።» እትዬ አዩኝ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ሲዋሽ አይተው አያውቁም መሰለኝ። አንድ አውታር በጣታቸው ነካ አደረጉ፣ ሌላ ነኩ፣ ጭንቅላታቸውን አዘነበሉ። «ቅኝቱ ደህና ነው። ማን ቃኘው?» «ቺጉሳ ናት።» «ቺጉሳ ሁለተኛውን አውታር ሁልጊዜ ታወርደዋለች። ይሄ ያንቺ ጆሮ ነው፣ ኪኑዮ።» ሃምሳ ዓመት በዚህ ቤት ምራት ሆኜ ስኖር ስለ ጆሮዬ አንድ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ፊቴ ጋለ። ያን ጊዜ የኮቶው መሸፈኛ ጨርቅ አቧራ አፍንጫቸው ገብቶ እትዬ አስነጠሱ።

እዚህ እንደሚባለው አንድ ጊዜ ያስነጠሰ ሰው እየተመሰገነ ነው፣ ሁለት ጊዜ እየታማ ነው፣ ሦስት ጊዜ አንድ ሰው ወዶት ነው፤ አራተኛው ጉንፋን ነው። እትዬ አንድ ጊዜ አስነጠሱና መሐረባቸውን አወጡ። ቁምሳጥኑ ሁለተኛውን አስነጠሰ። በእትዬ ድምፅ፣ ግን ወፍራምና ረጋ ያለ፣ ዋሻ ውስጥ ያለ መነኩሴ ያስነጠሰ ይመስል። ሦስተኛው መጣ፣ ከሁለተኛውም የረዘመ፣ መጨረሻው ወደ ዜማ የሚሄድ። ባለቤቴ ለዘመናት የለመደ አፉ አመለጠው፦ «ሦስት! እትዬ፣ ወደዱዎት!»

«ቁምሳጥኑን ክፈቺው» አሉ።

ከፈትኩት። ላሚቱ በሁለቱ ፍራሾች መሃል፣ የሸክላ ትሪዋ ላይ፣ እንደ ሕፃን ተጋድማ ታጣቅሳለች። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ይሄ ነው የእናቴ ኮቶ ሆድ ውስጥ የገባው?» እኔ እንጃ ከየት እንዳመጣሁት፤ ምላሴ ተፈታ። «አልገባም! ከውጭ ሆና ነው የምታዳምጠው፤ እንደ ጨዋ እንግዳ በር ላይ ቆማ። ልጅቷ አልበሳችውም። የሕፃን ፕላስተር ነው፣ የገዛሁትም እኔ ነኝ፣ ሦስት ዓይነት አስቀርበን ለእንጨቱ የማይከፋውን መርጠን። የጸጉር ቤት ወሬ ሰምተው ልጄን መሰርሰሪያ ያስያዙት እርስዎ ነዎት! ካላመኑ ያገላብጡት!» ይህን ብዬ ሻዩን ራሴ ጠጣሁት፤ የእሳቸውን ጽዋ።

እትዬ አልተቆጡም። ከቦርሳቸው ትንሽ ሳጥን አውጥተው ጥፍሮቻቸውን አጠለቁ፤ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣት፣ በመሃል ጣት፣ ቆዳ ቀለበት ያላቸውን ነጫጭ መምቻዎች። «እንጨቱ ድምፁን አጥቶ እንደሆን አያለሁ» አሉ። ከዚያም ዋናውን እጅ መቱ። አራት አምስት ድምፅ፣ ደረቅ፣ የተለካ፣ ተማሪን የሚያስለቅስ ዓይነት። አቆሙና አዳመጡ። ላሚቱ ዋጠች፣ አሰበችበት፣ ከዚያ ከፍራሾቹ መሃል ያንኑ ዜማ ለስልሶና ሰፍቶ፣ ጫፉ እንደ ጉም ተበትኖ መለሰችው። የእትዬ ጀርባ ቀጥ አለ። እኔ «አሁን ጮኹ» ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸው ግን ተነሳና፣ ዜማው ሲመለስ በመሃሉ፣ ክፍት በሆነችው ቦታ ላይ፣ ሁለተኛውን እጅ አስገቡ። ድሮ ከእናታቸው ጋር የሚጫወቱትን። ዋናው እጅ ከቁምሳጥን፣ ሁለተኛው ከታታሚው። ላሚቱ ሁለተኛውንም ዋጠች። እትዬ ደግሞ ሦስተኛ ጨመሩ፤ ኖሮ የማያውቅ ሦስተኛ እጅ፣ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ክፍሉ ሞላ፣ የሻዩ ጽዋ ክዳን ተንገጫገጨ። ግድግዳው ላይ ያሉት አማቴ እንኳ ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ መስታወቱ ላይ ብርሃን ወድቆ ይሆናል።

«ቢያንስ ይህቺ አትቸኩልም» አሉ እትዬ ለማንም ሳይሆን።

ሳቅ ያዘኝ። ላቆመው አልቻልኩም፤ መሐረቤን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት። ባለቤቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ረስቶ እጁን በጉልበቱ እየመታ ቁጭ ብሎ፣ «እትዬ፣ አሁንስ! አሁን ደግሞ ከላይ ይምጡበት!» እያለ እንደ ቤዝቦል ይደግፋቸዋል። «ዝም በል አንተ» ይሉታል እትዬ እጃቸውን ሳያቆሙ፤ ላሚቱም ከጥቂት ቆይታ በኋላ «ዝም በል አንተ» ትለዋለች፣ በሩቅ፣ በዜማ። የቅድሙ «ሂድ! ሂድ!» እንኳ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተመለሰ፤ እትዬ ላዩ ላይ ሦስት ድምፅ ጥለው አስጌጡት። እንዲህ ያለ ነገር በሰማንያ ዓመት መምህርት ላይ ሲደርስ አምቡላንስ ይጠራል? እንጃ፤ የደም ግፊታቸው ትዝ ቢለኝም ልጠራ አልፈለግሁም።

ቺጉሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደገባች አላየንም፤ ጫማዋን አውልቃለች፣ ግንባሯ በላብ ርሷል፣ አንገቷ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ፎጣ አለ። ኮቶውን ልትወስድ ነበር የመጣችው። እትዬን አየች፣ ላሚቱን አየች፣ ከዚያ ዓይኗ አውታሮቹ ላይ ወረደ። «ብርኩማዎቼን ማን ነካቸው?» አለች በቀስታ። «እኔ ነኝ» አልኩ፣ «ተበታትነው ነበር፣ ሰልፍ አስያዝኳቸው።» «ሦስት ሳምንት ነው የፈለግኋቸው፣ እማማ። እያንዳንዷን ቦታ። ከላሚቱ ጋር የሚስማማውን።» ጮኻ ቢሆን ይሻል ነበር። ሰልፍ የያዙት ዝይዎች ሁሉ የእኔ ጥፋት ሆነው ቆመዋል፤ ሙዚቃው ደግሞ ገና ከቁምሳጥኑ እየፈሰሰ ነው። ቺጉሳ ማዘን እንደጀመረች ጆሮዋን ጣል አደረገች። ጭንቅላቷ ዘንበል አለ፣ ልክ እንደ እትዬ። «ይሄ... ማነው?» አለች። «ሦስቱም እኔ ነኝ» አሉ እትዬ።

ላሚቱ ያንን ጊዜ መረጠች። ከፍራሾቹ መሃል፣ በኮቶው ጉም ውስጥ፣ የባለቤቴ ድምፅ በዝግታ፣ በጥልቀት፣ እንደ ትንቢት ወጣ፦ «እቺ... ባልቴት... መቼ... ነው... የምትሄደው...»

ታዳኖቡ ጣሪያውን መመርመር ጀመረ። ቺጉሳ ፎጣዋን ፊቷ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ግንባሬን ታታሚው ላይ አስነካሁ፤ ቀና ስል እትዬ ብርኩማዎቹን ከአውታሮቹ ሥር እያወጡ ነው። አንድ በአንድ፣ ከጅራቱ ወደ ራሱ። አውታሮቹ ላሉ፣ የኮቶው ድምፅ ጠፋ። ኮቶ ሲጓዝ ብርኩማው ይወጣል፤ ይህን ማንም ያውቃል። በቃ፣ ሊወስዱት ነው አልኩ። ቺጉሳ ፎጣዋን አወረደች፤ «መምህሬ» አለች። እትዬ አሥራ ሦስቱን በብርኩማዎቹ ማስቀመጫ ሳጥን ውስጥ ደርድረው ከደኑት፣ ደረታቸው ላይ ታቀፉት፣ ተነሱ። ኮቶውን አልነኩትም። ኮቶውን ትተው ብርኩማውን ይዘው ወጡ፤ ያለ ብርኩማ ኮቶ ጣውላ ነው። ጫማቸውን አጠለቁ፣ በሩን አንሸራተው ከፈቱ፣ ወጡ።

ላያቸው ፈራሁ፣ እንዳላጣቸውም ፈራሁ፤ ባለጌ ይበሉኝ ብዬ በካልሲዬ እስከ ደጃፉ ተከተልኳቸው። ከደጃችን ወደ ግራ የአውቶቡሱ ፌርማታና የእሳቸው ቤት ነው። ወደ ቀኝ ከመታጠቢያ ቤቱ በቀር ምንም የለም። አውቶቡሱ እየመጣ ነበር። ሹፌሩ ያውቃቸዋል መሰለኝ ደጃችን ድረስ ቀስ አለላቸው። እትዬ ሚሳኦ እጃቸውን አንስተው እለፍ አሉት፤ አውራ ጣታቸው ላይ ሳያወልቁት የቀረው ነጭ ጥፍር በፀሐይ አብለጨለጨ። ከዚያ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አጠበቁ፣ ሳይቸኩሉ ወደ ቀኝ፣ ኮቶው ወደሚጠበቅበት ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄዱ።